ጠጠሩ ወጣ፣ መርፌው ቀረ

ሲስተር ጥሩነሽ ማረፏን የሰማሁት አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ ነው። የእህቷ ልጅ ከመንገዱ ማዶ አይታኝ እየሮጠች መጣችና ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከሁኔታዋ ስለገባኝ ምንም ሳልጠይቅ አብሬያት አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ስደርስ ግን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይስቃል። አንዱ "እኔን ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ?" ብሎ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ሌላው ይቀማዋል። ከፊት የተቀመጡት አዛውንት እንኳ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

የተወራው ሁሉ እውነት ነው። አንዱን ነገር ግን ማንም አላነሳውም፤ ለሟች ክብር ሲባል ነው መሰለኝ። እሷ ብትሰማ ትቆጣ ነበር። "ስሞት ጻድቅ አድርጋችሁ እንዳትቀብሩኝ፤ የሚያምናችሁ የለም" ትለን ነበር። ስለዚህ እኔ ልናገረው።

የተዋወቅነው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከኮልፌ ገበያ ከፍ ብሎ፣ አጠና የሚሸጡበትን ሜዳ አልፎ፣ ጥቂት አልጋዎች ያሉት የግል ክሊኒክ ነበር። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ እዚያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ጥሩነሽ ነርስ ናት። በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት ጎንበስ ብዬ "ሲስተር፣ እንደምን አደሩ?" ስላት ዞር ብላ ኋላዋን አየች።

"ማን ገባ?" አለችኝ።

"ለእርስዎ ነው ያልኩት።"

"እኔ ብቻዬን ነኝ የኔ ቆንጆ። ሁለተኛ ሰው ካየሽ ዓይንሽን እንመርምረው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ የሚመስል ሴት ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ጧ ጧ ሲል በሽተኛው ሁሉ ቀና ይላል። ግዙፍ ጎረምሳ መርፌ ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ "ወንድ ልጅ መርፌ አይፈራም የሚሉት ተወግተው የማያውቁ ናቸው፤ ጩህ ወንድሜ፣ ተከፍሎበታል!" ትለዋለች። እሱ ሲስቅ እሷ ወግታ ጨርሳለች። የገበያ ሴቶች ሳይታመሙ ይመጡ ነበር። አንዷን "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ብዬ ብጠይቃት "ምንም፤ ሲስተር አለች?" አለችኝ።

ባሏ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እኔ ከመቀጠሬ በፊት መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ስለ እሱ ስታወራ አትሰማም። በኋላ የኩላሊት ጠጠር ያዛት። ያን ሕመም ያየ ያውቀዋል፤ ያቺ ሁሉን የምታስቅ ሴት ወለል ላይ ተንከባላ ግድግዳ ቧጠጠች። ትልቅ ሆስፒታል ተኝታ ጠንካራ የማስታገሻ መርፌ እየተሰጣት ከረመች። ከዚያ ድና ተመለሰች፤ እኛ እንደዚያ መስሎን ነበር። እሷ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ፦ "ጠጠሩ ወጣ፣ መርፌው ቀረ።"

ሱስ ሲባል ያኔ የምናውቀው የጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ የሚወድቀውን ሰው፣ ወይም ጫት ሲያጣ የሚያንቀላፋውን ነው። ነጭ ጋዋን ለብሳ የምታክም ሴት ሱስ ይኖርባታል ብሎ ማን ያስባል? ምልክቱ ግን ከፊታችን ነበር። በበጋ ሙቀት እጅጌዋ እስከ አንጓዋ የተቆለፈ ሹራብ ትለብሳለች። አፍንጫዋን ታካለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ወሬዋን እንደጀመረች አንገቷ ዘንበል ይላል፤ ትንሽ ቆይታ ቀና ትልና ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ እያዛጋች፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ በትንሽ ትልቁ እየተቆጣች ትመጣለች። የመድኃኒት ክፍል ገብታ ስትወጣ ሌላ ሰው ናት፤ ሰላም፣ ፈገግታ፣ ለሁሉም ምርቃት። ሌላውን ተረኛ ሁሉ "እኔ እሠራልሃለሁ፤ አንተ ሂድና ረፍ" ትላለች። እኛም መልአክ ናት አልን።

ሁላችንም የየራሳችን ምርመራ ነበረን። ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ ፍቅር ይዟታል ባይ ነው። "እንዲህ የምታንቀላፋው ቀን ቀን ስለሚያስባት ሰው ነው" ይላል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ እንኳ ሊነግረን ይቃጣዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ አርግዛለች አለች፤ ወራት አልፈው ሆዷ አልገፋ ሲል ተበሳጨች። እኔ ደግሞ ደም ማነስ ነው ብዬ ጉበት ጠብሼ አመጣሁላት። በላችው፤ "እግዜር ይስጥሽ፣ የደም ማነሴን አስታገሽው" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ስትስመኝ ዓይኖቿን በቅርብ አየሁ። ብሌኗ የጤፍ ፍሬ አክላለች። የቆምንበት ክፍል ጨለም ያለ ነበር፤ የእኔም የሌላውም ሰው ብሌን እዚያ ውስጥ ይሰፋል። የእሷ ግን ፀሐይ ላይ እንደቆመች ነጥብ ናት። ነገሩ ቅር አለኝ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን አላወቅሁም።

የከድር ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከድር አናጺ ነው፤ ወርክሾፑ ከክሊኒካችን ቁልቁል ነበር። የሰው ቤት ጣሪያ ሲሠራ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረና በጋሪ ጭነው አመጡት። ሚስቱ ዘይነባ እጁን ይዛ አብራው ትሮጣለች። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰይፉ አምቡላንስ እስኪመጣ እግሩን በጣውላና በፋሻ ለማሰር ተዘጋጀና ጥሩነሽን ማስታገሻ እንድትወጋው አዘዛት። ወጋችው። ዶክተሩ ትንሽ ጠብቆ እግሩን ሲነካው ከድር የጮኸው ጩኸት እስከ ገበያው ተሰማ።

"ሰጥተሽዋል?" አለ ዶክተሩ።

"ሰጥቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ድገሚው።"

ጥጥ አምጪ ተብዬ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ስገባ ጥሩነሽ ክፍት ቁምሳጥን ፊት ቆማለች። አንገቱ ያልተሰበረ የማስታገሻ ብልቃጥ በእጇ ይዛለች። ላቧ ከግንባሯ ይንጠባጠባል። ከድር ከወዲያ በኩል "ያ አላህ!" እያለ ይጮኻል፤ እሱ በጮኸ ቁጥር እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች።

"ብርቄ" አለችኝ፣ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ማሰሪያ ከአንገቷ እየፈታች። "ይህን ያዢ። ዶክተሩን ጥሪው፤ ይሄኛውን እሱ ራሱ ይውጋው።"

"ለምን? አንቺ ምን ሆነሽ?"

"የመጀመሪያው ውሃ ነበር።"

አልገባኝም። አይታኝ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝረውም። ሮጬ ዶክተሩን ጠራሁት። እሱም ብልቃጡን ከእጇ ወሰደ፤ ከድርን ወጋው። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። ዘይነባ የባሏን ግንባር እየጠረገች "አልሐምዱሊላህ" ስትል ጥሩነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ወለል ላይ ተቀመጠች።

አምቡላንሱ ከድርን ይዞ ከሄደ በኋላ ዶክተሩ ቢሮው ጠራት። "ብርቄም ትግባ፤ አንድ ሰው ይስማ" ብላ እኔንም ይዛኝ ገባች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ከጠጠሩ ጀምሮ።"

"እኔ እንዴት ሳላይ ቀረሁ?"

"እርስዎ እጄን እንጂ ዓይኔን አይተው አያውቁም፣ ዶክተር። እጄ ደግሞ ሥራውን አላቋረጠም።"

ዶክተር ሰይፉ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። "ፖሊስ መጥራት እችላለሁ። ብጠራ ግን አንቺን ማን ያክምሻል?" አላት። ሥራዋን ሊያቆይላት፣ መጠኑንም በእጁ እየቀነሰ ሊያስተዋት ተስማማ። "ቁልፉን ግን መቼም አታይውም" አለ።

"ባየው እንኳ እንዳይሰጡኝ" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ ስትናገር ሰማኋት።

እናቷ እማማ አስካለ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ገበያ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ፣ ጴንጤ የሆኑ ሴት ናቸው። ቤታቸው ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ዶክተሩ ነገሩን ሊያስረዳቸው ሲሞክር ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

"ልጄ ሌባ ናት ነው የሚሉኝ?"

"ሰርቃለች፣ እማማ። ታማለችም። ሁለቱም እውነት ነው።"

"ታዲያ ለምን አትተወውም? እኔ ጡት ያጠባኋት ጠንካራ ልጅ ናት እኮ!"

"ጥንካሬ አልጎደላትም። ሰውነቷ መድኃኒቱን ለምዶት አሁን እንደ ምግብ ይጠይቃታል። ሲቀርባት እንዴት እንደሚያደርጋት በዓይንዎ ያያሉ፤ ያኔ አይቆጧት።"

አዩ። እኔም ከሥራ ስወጣ እናቷ ቤት እየሄድኩ አየሁ። ቆዳዋ እንደ ተነጨ ዶሮ ቆሟል። ዓይኗና አፍንጫዋ ይፈሳል፤ እግሮቿ ሳትፈልግ ይራገጣሉ፤ ሆዷን ቁርጠት ይዟታል። አንዴ ይበርዳታል፣ አንዴ ብርድ ልብሱን ወርውራ ትነሳለች። ያም ሆኖ አፏ አልታመመም።

"እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"ጉንፋንና ወባ ተጋብተው እኔ ቤት ሰርግ ደግሰዋል። አንቺ ደግሞ ሳትጠሪ መጣሽ።"

የእናቷ የጸሎት ወዳጆችም ይመጡ ነበር። ያኔ በየቤቱ በር ዘግተው ነው የሚሰበሰቡት፤ ጎረቤት እንዳይሰማባቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለእሷ ሲጸልዩ ግን መጠንቀቁን ረስተው ከፍ ሲያደርጉት "ጸልዩልኝ፣ እፈልገዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን አልታመመም" አለቻቸው። አንዷ ሴትዮ እየጸለየች ሳቀች። ከእነሱ መካከል ግን እግሯን እያሻሹ የዋሉ፣ ሾርባ በማንኪያ ያጠጧት ነበሩ፤ ይህንን ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችላቸውም።

ትንሽ ሲሻላት ያሳሰበኝን ጠየቅኳት። "ግን ምን ይመስላል? ምን ቢያገኙበት ነው?"

"መጀመሪያ ላይ ሕመሙን ብቻ አልነበረም የወሰደልኝ" አለች። "መኪናውንም ወሰደልኝ። የባሌን መኪና። ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልገለበጥ ተኛሁ። እንዴት አልወደው? በኋላ ግን ያ ሁሉ ቀረ፤ ደስታ የለም፣ እፎይታ የለም። የምወጋው እንዲህ እንዳልሆን ብቻ ነበር፤ አሁን እንደምታዪኝ። ሰው ደስ ሊለው የሚያደርገው ይመስለዋል። የፈራ ሰው ነው እኮ የሚያደርገው፣ ብርቄ።"

ወደ ሥራ ስትመለስ ሰውነቷ ከስቶ፣ ሳቋ ግን እንዳለ ነበር። ክትባትና ወሊድ ላይ ተመደበች። እኛም ነገሩ አለቀ ብለን ተደሰትን። ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ አየኋት፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የሹራቧ እጅጌ እስከ አንጓዋ ተቆልፏል። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

"እጅጌሽን ሰብስቢ" አልኳት።

"ምን?"

"ሰብስቢው፣ ሲስተር።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "አንቺ ማን ነሽ? የካርድ ጸሐፊ! ዶክተር ሆንሽብኝ?" ብላ እርጥቡን አንሶላ ወርውራብኝ ሄደች። አንሶላው ውስጥ ተጠቅልዬ ቆሜ አለቀስኩ። ጋሽ ወርዶፋ መጥቶ እየፈታኝ "አንቺም ፍቅር ያዘሽ?" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "ከመርካቶ አንድ ሰው ያመጣልኝ ነበር" አለች። "ዶክተሩ ጋ አብረሽኝ ግቢ። ብቻዬን ከገባሁ ቀልጄ ነው የምወጣው።"

ዶክተሩ አልጮኸም። "ይህ በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ መምጣቱ ሳይሆን መደበቁ ነው የሚገድልሽ" አላት። እንደገና እናቷ ቤት፣ እንደገና ሰርጉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ያኔ ግን የነገረችን እሷ ራሷ ናት። "ዳንኩ" የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሲጠይቋት "ዛሬ ደህና ነኝ" ትላለች፤ በዚያው ታልፋለች።

ከዚህ በኋላ ዓይኗ የሰውን ዓይን ማየት ለመደ። አንድ ቀን ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ሰይቼንቶ ታክሲ ተሳፈርን። ሾፌሩ ጥርሱን ያፋጫል፤ ስለ ቤንዚን፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይተነፍስ ያወራል፤ መሪውን ይደበድባል። እኔ ተጫዋች ሰው ነው ብዬ እስቃለሁ። ጥሩነሽ ከኋላ ሆና በመስተዋቱ ታየዋለች።

"ወንድሜ፣ ከተኛህ ስንት ጊዜህ ነው?"

"እኔ? እንቅልፍ አልወድም!"

"እሱማ አንተን ይወድሃል። እንዳትተኛ የሚያደርግህን ኪኒን ማን ነው የሚሰጥህ?"

ፍሬን ያዘ። ወሬውም አብሮ ቆመ። "ፖሊስ ነሽ?"

"የባሰ ነኝ፤ ነርስ ነኝ። ባሌም ሾፌር ነበር። እንቅልፍ እንዳይጥለው የአሰብን መንገድ በኪኒን ነበር የሚነዳው፤ አንድ ቀን ኪኒኑ አለቀና መሪው ላይ ተኛ።"

ይህንን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ወረደ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። አልመከረችውም። ስለ ራሷ ነገረችው፤ መርፌውን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም። ሌላው ተሳፋሪ "እኛስ?" ብሎ ሲያጉረመርም "አንተ በእግርህ ሂድ፤ ዛሬ ሞት አምልጦሃል" አለችው። ሰውየው ያጉረመረመውን ዋጥ አድርጎ ሄደ። ሾፌሩን ክሊኒክ ወስደን አስተኛነው፤ በማግስቱ እስከ ቀትር ተኛ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያያት ጥሩምባ ሳይነፋ አያልፍም ነበር።

በዚያው ሳምንት ነው "ነይ፣ አንድ ቦታ አድርሺኝ" ያለችኝ። ለማታውቀው ሾፌር የነገረችውን፣ መድኃኒቱን ለነጠቀችው ሰው ሳትነግር መቅረቷ ከንክኗት ነበር። ወደ ከድር ወርክሾፕ ወረድን። እግሩ ድኖ ትንሽ ያነክሳል። ሰጋቱራ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውጦት የአልጋ እግር ይልጋል።

"ሲስተር! ግቢ!" አለ በደስታ።

ቆማ ነገረችው። ያን ቀን መጀመሪያ የወጋችው ውሃ እንደነበር፣ የእሱን መድኃኒት ለራሷ እንዳደረገችው፣ ሱስ እንደነበረባት። ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት ይቆነጥሩ ነበር። ከድር መላጊያውን አስቀመጠ። እንጨቱን በእጁ መዳፍ ደጋግሞ ዳሰሰው።

"ውሃ?" አለ በመጨረሻ።

"ውሃ።"

"እንግዲያውስ ነይ፣ ቤት እንሂድ!"

"ለምን?"

"ሚስቴ 'መድኃኒት ተወግተህ እንኳ ሰፈሩን በጩኸት አስለቀቅከው' እያለች እስከ ዛሬ ፈሪ ትለኛለች! ለወንድሞቿ ሁሉ ነግራለች። ነይ፣ ንገሪልኝ!" ሰጋቱራውን እንኳ ሳያራግፍ እያነከሰ ፊት ፊታችን ወጣ።

ዘይነባ እንደ ባሏ አልሳቀችም። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷን ይዛ በቁሟ ሰማች። ጥሩነሽ ስትጨርስ "ያን ቀን እጁን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ" አለች። "ጣቶቼን ጨምድዶ ሊሰብራቸው ነበር። አንቺ እያየሽኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ እፈልጋለሁ።"

"ቢቀርም መብትሽ ነው።"

ከድር "እኔ እኮ ነኝ የተሰበርኩት!" ሊል ጀመረ፤ ዘይነባ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ቢሆንም ሳንበላ አላስወጣችንም። ቆጮና ጎመን አቀረበች። ደጋግማ ለጥሩነሽ ጨመረችላት። ጥሩነሽም አንገቷን ደፍታ በላች፤ አንድም ቀልድ አልወጣትም።

ከዚያ ወዲያ ከዘይነባ ምንም ወሬ አልነበረም። ምጧ ሲመጣ ግን ረፋድ ላይ ከድር ክሊኒካችን ድረስ እያነከሰ ሮጦ መጣ። ሌላ ነርስ ተረኛ ነበረች፤ ቦርሳዋን አንስታ ልትከተለው ስትል እጁን አወዛወዘ። "ሲስተር ጥሩነሽን ነው ያለችው። ሌላ ሰው ብታመጣ በሩን እዘጋለሁ ብላለች።"

ቦርሳውን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ከድር ከውጭ "በእኔ ወጣ!" እያለ ይጮኻል። ደሙ እንዲቆም የሚሰጠውን መርፌ ለማዘጋጀት ጥሩነሽ ብልቃጡን አወጣች። ዘይነባ ከትራሷ ቀና አለች።

"ሲስተር፣ ከፊቴ ስበሪው።"

ጥሩነሽ አልተቀየመችም። ወደ አልጋው ቀረብ ብላ ጽሑፉ እንዲታያት ብልቃጡን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሳችው። ዘይነባ ማንበብ አትችልም፤ ግን ረጋ ብላ አየችው። ከዚያ ብልቃጡ ከፊቷ ሲሰበር አይታ እንደገና ትራሷ ላይ ተደገፈችና ክንዷን ዘረጋች።